ማሽን ጭኖ ጣርማ በርን መውረድ፦ ከባድ ተሽከርካሪ በሎቤድ ላይ እንዴት ይታሰራል?

«ሃያ ቶን ብረት የት ይሄዳል? ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል።» ይህን ንግግር ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የሚናገሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ዓመታት የነዱ፣ ማሽን የሚያውቁ ናቸው። ግን ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም ሰው ይገድላል። ክብደት ማሽኑን ከወለሉ ጋር የሚያስማማው መኪናው ሲቆምና መንገዱ ሜዳ ሲሆን ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረገጥ ያው ክብደት ወደ ጋቢናው፣ ወደ ሹፌሩ ጀርባ የሚገፋ ኃይል ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ኤክስካቫተር፣ ዶዘር፣ ሎደር ወይም ሮለር በሎቤድ፣ ማለትም ወለሉ ዝቅ ባለ የማሽን መጫኛ ተሳቢ፣ ጭኖ ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላው ለሚወርድ ሹፌርና ለረዳቱ ነው። ከጉዶ በረት አልፈህ ጣርማ በር ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነህ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ተሻግረህ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስትገባ ከፍታው 1,300 ሜትር ግድም ነው። በአንድ ጉዞ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው፤ ያውም በጭጋግ፣ በመታጠፊያ ላይ መታጠፊያ፣ ከኋላህ የሚቸኩል ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋ።

ሳይጫን በፊት

ክብደቱን በግምት አትቀበል። አምራቹ ማሽኑ ላይ የለጠፈውን የብረት ሰሌዳ አንብብ፤ በኋላ የተጨመረ የድንጋይ መስበሪያ መዶሻ ወይም ትልቅ አካፋ ካለ ደምርበት። ከዚያ የሎቤድህን አቅም፣ የእያንዳንዱን አክስል ድርሻና የራስህን መኪና ጉልበት ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያይ። ቁጥሩ ካልተስማማ አትጫን። አሠሪው ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ከፍታውን ከጫንክ በኋላ ከመሬት እስከ ከፍተኛው ነጥብ በሜትር ለካና ጋቢና ውስጥ ጽፈህ ለጥፈው። በኤክስካቫተር ላይ ከፍተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ የታጠፈው ክንድ ጉልበት ነው እንጂ የኦፕሬተሩ ጋቢና አይደለም። ከዋሻውም፣ በየመንደሩ ከተዘረጋው የመብራት ሽቦም ጋር የምትገናኘው በዚህ ቁጥር ነው።

ጭቃውን አራግፍ

ይህን ደረጃ ብቻውን ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ከመንዝ በኩል፣ ከሞላሌና ከመሐል ሜዳ የሚመጣ ማሽን እግሩ ላይ ዋልካ ተሸክሞ ይመጣል። ዋልካ ሲርስ እንደ ሳሙና ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ መስሎ ይቀመጥና መኪናው ሲንቀጠቀጥ እየተፈረፈረ ይወድቃል። በሁለቱም መንገድ ይከዳሃል። እርጥቡ ማሽኑን ያንሸራትታል፤ ደረቁ ተፈርፍሮ ሲያልቅ ማሽኑ ጥቂት ዝቅ ይልና አጥብቀህ ያሰርከው ሰንሰለት ይላላል።

ስለዚህ በአካፋና በብረት ዘንግ ከእግሩ ላይ ቆርቁረህ አውጣ፤ ውኃ ካለ እጠበው፤ የሎቤዱንም ወለል ጥረግ። የፈሰሰ ዘይትና ግራሶ ካለ አሸዋ በትነህ ጥረገው። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ማለዳ ውርጭ ወለሉን ይሸፍናል፤ ፀሐይ እስኪያቀልጠውና ወለሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አንድ ሰዓት ቢያስረፍድህ ነው። የወለሉ ጣውላ የተሰባበረ ከሆነ ቀይረው። የብረት እግር በራቁት ብረት ላይ ከተቀመጠ የሚይዘው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ጣውላ ጥሩ ነው፤ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

አጫጫን

ሎቤዱ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማዎቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደርጎ፣ መወጣጫው በእኩል ስፋት ይዘርጋ። ማሽኑን የሚያወጣው ኦፕሬተር ነው፤ ምልክት የሚሰጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አራት ሰው ከአራት አቅጣጫ «ና! ና! ቁም!» ሲል ኦፕሬተሩ ማንንም አይሰማም። መወጣጫው ላይ መጠምዘዝ ክልክል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ካልተስተካከለ ቀጥ ብሎ ወርዶ እንደገና ይሞክራል። በማሽኑ ግራና ቀኝ ማንም አይቁም።

ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ክብደቱ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ወደ ኋላ ከበዛ ሳቢው መኪና ቀልሎ መሪው ይዋልላል፤ ወደ ፊት ከበዛ የሳቢው የኋላ አክስል ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። በስፋት መሃል ለመሃል መሆኑን በዓይንህ ሳይሆን በሜትር አረጋግጥ። የአንድ መዳፍ ያህል ወደ ጎን ማዘንበል ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ መታጠፊያ ላይ ይታወቃል።

ማሽኑን በራሱ ቁልፍ

ሰንሰለት ከማውጣትህ በፊት ማሽኑ በራሱ እንዳይንቀሳቀስ አድርግ። የኤክስካቫተር አካፋ ይታጠፍና ጣውላ ላይ ይረፍ፤ የላይኛው ክፍሉ እንዳይዞር መቆለፊያው ይገባ። መሃሉ የሚታጠፍ ሎደርና ግሬደር መታጠፊያውን የሚቆልፍ የብረት ዘንግ አላቸው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ተቀብቶ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይኖራል። እሱን ሳያስገቡ መሄድ ማለት ሎደሩ መታጠፊያ ላይ ወገቡን እያወዛወዘ ሰንሰለቶችህን በየተራ እንዲያላላ መፍቀድ ነው። የዶዘር ምላጭ ወለሉ ላይ ይውረድ። ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የዘይት ግፊቱ እንዲለቅ ማንሻዎቹ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሱ፤ ከዚያ በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ሹፌሩ ኪስ ይግባ። ጎማ ላላቸው ማሽኖች ከእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግና ታኮው ራሱ ከወለሉ ጋር በምስማር ይያያዝ። ያልተቸነከረ ታኮ በመጀመሪያው ንቅናቄ ከቦታው ይሸሻል።

ሰንሰለቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ እዚህ ላይ አትቸኩል።

ሰንሰለቱን መጀመሪያ በእጅህ ዳስሰው። ቀለበት በቀለበት፣ እንደ መቁጠሪያ። ቀለበቱ ተጋጥሞ የተፋተገበትን የውስጥ ጉንጩን ተመልከት፤ ውፍረቱ ከአሥር አንድ እጅ ከተበላ ሰንሰለቱ ጡረታው ነው። የተለጠጠ፣ የተጠማዘዘ፣ የተሰነጠቀ ቀለበት ያለበት ሁሉ አይታሰርበትም። ጥሩ የማሰሪያ ሰንሰለት ጥንካሬውን የሚያመለክት ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚሠራበት 8 ቁጥር ያለበት ነው። ቁጥር የሌለው ሰንሰለት ከብት ለማሰር ይሁን።

አንድ ቀን አንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ማሽን ልጭን ሄጄ ኃላፊው ከመጋዘን ሰንሰለት አውጥቶ ሰጠኝ፤ የእኔ ቀጫጭን ነበርና ደስ አለኝ። ስዳስሰው መሃሉ ላይ አንዱ ቀለበት ከሌሎቹ ይወፍራል፤ ሻካራ ነው። በብየዳ የተቀጠለ ነበር። እንደማልጠቀምበት ስነግረው «ከድሮው ይበልጣል እንጂ አያንስም» አለኝ። እጄ ላይ እንዳለ ከዶዘሩ ጋር አያይዘን በሌላ ማሽን ቀስ ብለን ጎተትነው፤ ከብየዳው አጠገብ እንደ ሸንኮራ ተቆረጠ። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልዩ የሙቀት ሂደት ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው ያንን ያጣል። ብየዳው ራሱ ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ያለው ብረት አይይዝም። በቡሎን መቀጠልና መቋጠርም ያው ነው።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት የተለያዩ ሰንሰለቶች፣ እያንዳንዱ ከራሱ ማጥበቂያ ጋር። የፊቶቹ ሁለቱ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ እንደ ድንኳን ገመድ ተቃራኒ ለተቃራኒ። አንዱን ረጅም ሰንሰለት በሁለት ማዕዘን አዙሮ ማሰር ቀላል ይመስላል፤ ሲበጠስ ግን ሁለቱም ማዕዘን አብሮ ይለቃል። አምስተኛው ሰንሰለት ለክንዱና ለአካፋው ነው። የሚታሰረው አምራቹ ለማሰሪያ ብሎ ባዘጋጀው ቀዳዳ ወይም ቀለበት ላይ፣ እሱ ከሌለ በዋናው ሻንሲ ላይ ነው። በደረጃው ላይ፣ በመያዣው ላይ፣ በዘይት ቱቦ አጠገብ፣ በባሌስትራ ላይ አይታሰርም። ሹል ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ወፍራም ጎማ ወይም ጣውላ አስገባበት።

ስንት ቶን ይችላል? ስሌቱን አብረን እንሥራው። በአውሮፓ የጭነት ደንብ መሠረት ለመንገድ ጉዞ ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት ስምንት አሥረኛ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ ግማሹን መያዝ አለበት። ማሽንህ 20 ቶን ከሆነ ወደ ፊት 16 ቶን ያህል ኃይል መያዝ አለበት ማለት ነው። ንጹሕና ደረቅ ጣውላ በሰበቃ የክብደቱን ሦስት አሥረኛ፣ 6 ቶን፣ ይይዝልሃል እንበል። የቀረው 10 ቶን የሰንሰለት ዕዳ ነው። 8 ቁጥር ያለበት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት የማሰር አቅሙ 6.3 ቶን ያህል ነው። የማሽኑን ወደ ፊት መሄድ የሚከለክሉት ወደ ኋላ የሚጎትቱት ሁለቱ ሰንሰለቶች ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 12.6 ቶን ስለሚሆኑ የሚበቁ ይመስላል። አይበቁም። ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አይጎትትም፤ ወደ ታችም ወደ ጎንም ያዘነብላል። በ45 ዲግሪ ወደ ታች፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ካሰርከው ወደ ኋላ የሚውለው ጉልበት ከአቅሙ ግማሽ ነው። ሁለቱ ተደምረው 6.3 ቶን። ወደ ታች የሚጫኑት ክፍል ሰበቃውን ቢጨምርም ጉድለቱን አይሞላም። ባለ 13 ሚሊ ሜትሩ ግን አንዱ ብቻ 10 ቶን ያህል ስለሚችል ሁለቱ በዚያው ማዕዘን 10 ቶኑን ይከፍላሉ። ለ20 ቶን ማሽን ባለ 13 ሚሊ ሜትር የምለው ለዚህ ነው። ወለልህ ዋልካ የተቀባ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የቆጠርነው 6 ቶን አብዛኛው ይጠፋል፤ ዕዳው ሁሉ ወደ ሰንሰለቱ ይዞራል።

ማዕዘኑን ከ30 እስከ 60 ዲግሪ መሃል አድርግ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ሰንሰለት ማሽኑን ይጫነዋል እንጂ ከመንሸራተት አይመልሰውም።

ለማጥበቅ ባለ ጥርስ ማጥበቂያ ምረጥ። በዘንግ ተመቶ የሚዘጋው ዓይነት ሲለቀቅ ተፈናጥሮ መንጋጋ የሰበረበትን ረዳት አውቃለሁ። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም ማጥበቂያውንም ሰንሰለቱንም ከአቅም በላይ ይወጥራል። ከተጠበቀ በኋላ እጀታው በሽቦ ይታሰር፤ የተረፈው የሰንሰለት ጫፍ ተጠቅልሎ ይያዝ እንጂ አስፋልት አይጎትት።

በባሕር ላይም ሕጉ ያው ነው

ጅቡቲ ወደብ ማሽንና የጭነት መኪና እየተነዱ ከመርከብ ሆድ ሲወጡ ያየ ሰው እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ቆሞበት የነበረውን የብረት ወለልና በወለሉ ላይ የተደረደሩትን የማሰሪያ ቀዳዳዎች ልብ ይበል። መርከብ በየመታጠፊያው ሳይሆን በየማዕበሉ፣ ለሰዓታት፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለዚህ ነው በመኪናው በእያንዳንዱ ጎን ሊኖር የሚገባውን የማሰሪያ ነጥብ በጠቅላላ ክብደት የወሰነው፦ እስከ 20 ቶን ቢያንስ 2፣ ከ20 በላይ እስከ 30 ቶን 3፣ ከ30 በላይ እስከ 40 ቶን 4።

አንድ ቀን የጫነ መኪናህን በመኪና ማመላለሻ መርከብ ላይ የምታወጣ ከሆነ መጀመሪያ የራስህ ጭነት በሎቤዱ ወይም በተሳቢው ላይ መታሰሩን አረጋግጥ። የመርከቡ ሠራተኞች የሚያስሩት መኪናህን ነው፤ በላዩ ያለውን ማሽን አይደለም። የማሰሪያ ቀለበቶችህ የት እንዳሉ አሳያቸው፤ በአክስል ወይም በባሌስትራ ላይ እንዲያስሩ አትፍቀድ፤ የአየር ባሌስትራ ካለህ አየሩን አስተንፍሰህ መኪናውን አስቀምጠው፣ አለዚያ አየሩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሰንሰለቱ ሁሉ ይላላል። ከሳቢው የተለየ ተሳቢ በራሱ እግር ብቻ አይቆምም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይፈልጋል። ፈሳሽ የጫነ ታንከር ግማሽ ጎዶሎ ከሆነ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ ሌላ ማዕበል ነው። ከዚያ ፍሬንህን ይዘህ ውረድ፤ መርከቡ ሲጓዝ መኪኖች በቆሙበት የመርከቡ ወለል ላይ ሰው አይቀመጥም።

መንገድ ላይ

ከመነሳትህ በፊት ማሽኑን አንድ ጊዜ ዙረው፤ ትናንሽ ነገሮችን ፈልግ። የተረሳ መዶሻ፣ የአካፋ ጥርስ፣ ከዶዘሩ እግር ላይ የተቀመጠ ድንጋይ። ድንጋዩ የሚወድቀው ከኋላህ በሚመጣው ሰው መስታወት ላይ ነው። ከስፋት የሚወጣ ነገር ካለ ቀይ ጨርቅና መብራት አድርግበት፤ ጣርማ በር ጭጋጉ ሲወርድ ቀን ማታ ይሆናልና መብራቱ ለቀንም ነው።

የመጀመሪያው ማቆሚያህ ቅርብ ይሁን፤ ከተማውን ለቀህ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስትሄድ። ማሽኑ ቦታውን የሚይዘው፣ ጣውላው የሚጨፈለቀው፣ የተረፈው ጭቃ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው። ሁለተኛው ማቆሚያ ጉዶ በረት፣ ሦስተኛው ዋሻው ሳይደርስ ከመንገድ ወጣ ባለ ደልዳላ ቦታ። ጭጋግ ቢሆንም፣ ብርድ ቢሆንም፣ ቢርብህም ውረድ። አንድ ማለዳ ጉዶ በረት ላይ ሁለት ጊዜ ተመልክቻለሁ ብዬ ሦስተኛውን ልተወው ስል፣ ረዳቴ ሳላዘው ወርዶ ኖሮ «ጋሼ፣ የቀኙ የኋላ ሰንሰለት እጄን ያስገባል» ብሎ መስኮቱን መታ። ስወርድ እውነትም እጁን በሰንሰለቱና በሻንሲው መሃል አስገብቶ አሳየኝ። ጠብቆ የታሰረ ሰንሰለት ጣት አያስገባም። ከእግሩ ሥር የደረቀ የዋልካ ቂጣ ተሰብሮ ወጥቶ ነበር። አንድ ዙር ተኩል አጠበቅን። ያን ልጅ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ከዋሻው በፊት ማርሽህን ቀንስ፤ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ለመቀነስ መሞከር ዘግይቷል። ቁልቁለቱን የሚይዘው ሞተሩና የሞተር ፍሬኑ ይሁን፤ የእግር ፍሬን ለአጭር ጊዜ ተረግጦ ይለቀቅ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ይሸታል፤ ከሸተተ በኋላ አይይዝም። በየመቶው ሜትር 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 20 ቶን ማሽን ፍሬን ሳትነካ እንኳ 1.6 ቶን ያህል ወደ ፊት ይገፋል። ድንገተኛ ፍሬን ሲጨመርበት ሰንሰለትህ የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ስለዚህ እንዳይፈተን አድርገህ ንዳ።

ደብረ ሲና ስትደርስ ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ይከቡሃል። ግዛ፤ የደብረ ሲና ቆሎ ነውና። እያኘክህ ግን ሰንሰለቶቹን ዙር፣ ጎማዎቹን እይ፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ቁም። የቀረው መንገድ እስከ ሸዋ ሮቢት ገና ቁልቁለት ነው።

ማራገፍ

በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ከጉዞ ድካም በኋላ፣ ማራገፉ ቀላል ይመስላል። ማሽኑ መንገድ ላይ ተንሸራትቶ ከሆነ አንዱ ሰንሰለት ከሌሎቹ ይልቅ እንደ ክራር ተወጥሮ ታገኘዋለህ። እሱን ፊት ለፊት ቆመህ አትፍታው። መጀመሪያ ታኮዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን፣ ሎቤዱ ደልዳላ ላይ መቆሙን አረጋግጥ፤ ከዚያ ከጎን ሆነህ ማጥበቂያውን በጥርስ በጥርስ አላላ። ሰው ሁሉ ከወለሉ ይውረድ፤ ኦፕሬተሩ የሚወጣው ሰንሰለቱ ሁሉ ከተፈታ በኋላ ነው።

ሰንሰለቶቹን ከመጠቅለልህ በፊት እንደገና ዳስሳቸው። የተበላሸ ካገኘህ ለክፉ ቀን ብለህ ጋቢና ሥር አትወሽቀው፤ ሌላ ሹፌር አግኝቶ ያስርበታል። ቆራርጠህ ለብረታ ብረት ሽጠው።